ውሃ የማትለምን አበባ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በጥቁር ላስቲክ የተተከሉ አበቦች ከምትሸጥ ልጅ ፊት ቆምኩ። ልገዛ አልነበረም፤ ጉልበቴ ስለደከመ ነው። ልጅቷ ግን ገዢ አገኘሁ ብላ አንዱን ላስቲክ አንስታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። አበባው ብርቱካንማ ነው፤ መሃሉን ጥቁር ቀለበት ከቦታል። ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ ነው፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ግን ነጭ ጸጉር ለብሷል። «ጋዛኒያ ነው አባባ። ጠዋት ማታ ካጠጡት ዓመቱን ሙሉ ያብብልዎታል» አለችኝ። «ጠዋት ማታ ካጠጣሁትማ ይበሰብሳል» አልኳት። «እኔ ነኝ ሻጯ ወይስ እርስዎ?» ብላ ላስቲኩን ወደ ቦታው መለሰችው። እውነቷን ነው። ወሬ ብቻ ይዤ ገበያዋን ዘጋሁባት። ስሙ ጋዛኒያ መሆኑንም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እኛ የፈረንጅ አደይ ነበር የምንለው፤ ያየሁትም መጀመሪያ አልዩ አምባ፣ እትዬ ዘሃራ ጓሮ ነው።

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ትልቁ ድርቅ ከመምጣቱ በፊት ይሁን ከመጣ በኋላ፣ ሰዎች ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ የተለያየ መልስ ነው የምሰጠው። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ስኳር ግን የሚገኘው ቀበሌው ሲያድል ነው። እግራችን ላይ ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ ነበር፤ ሞቆ ሲውል ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። የእኔ ሱሪ ከታች የሰፋው ቤል ቦተም ነበር፤ አዲስ አበባ ፋሽኑን ጥላው ካበቃች በኋላ ነው ደብረ ብርሃን የደረሰው። አስራ ሁለተኛን ወድቄ፣ ጸጉሬን አጎፍሬ፣ ከሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ግጥም እየጻፍኩ ከአንዱ ሻይ ቤት ወደ ሌላው ስዞር ነው ለመሠረተ ትምህርት ዝመት የተባልኩት። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ሬዲዮ ላይ የሰማሁትን፣ ሰርግ ላይ የሰማሁትን፣ ለቅሶ ላይ የሰማሁትን አንድ ላይ እየፈጨሁ ነበር የምሠራው። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ እስከ ሞቃዲሾ ቢልኩኝም እሄድ ነበር። የላኩኝ ግን አንኮበር ወረዳ ነው።

እስከ ጎረቤላ በአውቶቡስ ሄድን። ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው፤ ገደሉን እየተጠማዘዙ መውረድ። ያን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ልብስ አወላለቁንም ያውቀዋል። ከላይ ጭጋጉ ውስጥ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጋቢው ትከሻ ላይ ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ሹራቡ ይወልቃል፤ አልዩ አምባ ሲደረስ ሰው በሸሚዙ ነው፣ የደጋው ብርድ ደግሞ ብብቱ ሥር ተጠቅልሎ ይጓዛል። ታች ያለው አገር ሌላ ነው። አፈሩ ቀላ ያለ ጭንጫ፣ ቁጥቋጦው እሾህ፣ ሰማዩ ነጭ። የሸማኔ መወርወሪያ ከየቤቱ ይሰማል። መስጊዱ፣ ገበያው፣ ከገበያው ጥግ ደግሞ ቀይ ባንዲራ የተሰቀለበት የቀበሌ ቤት።

እትዬ ዘሃራ ቤት አሳደሩኝ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ ለሸማኔ በመሸጥ የሚኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ሁሴን እኔ ከመድረሴ ጥቂት ወራት በፊት ከገበያ መሃል ተይዞ ለውትድርና ተወስዷል። ወደ ሰሜን ነው መባሉን እንጂ ሌላ የሰማ የለም። ሚስቱ ከድጃ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እኔ እዚያው እያለሁ ወለደች። እትዬ ዘሃራ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ሰው አያለቅስም ነበር፤ እኔ እንዳየሁት ቢያንስ። ልጅ ሲወሰድ ጎረቤት መጥቶ ይቀመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ስለ በርበሬ ዋጋ ይወራል፣ ከዚያ ይነሳል። ከጥርስ ሐኪም የወጣ ሰው ከንፈሩን ሲነካው የራሱ እንደማይመስለው፣ ሁላችንም ሰውነታችን እንደዚያ ሆኖ ነበር።

የፈረንጅ አደይዋ የተተከለችው ከጓሮው፣ ከካቡ ሥር ነው። ካቡ ያለ ጭቃ የተደረደረ ድንጋይ ነው፤ ከወዲያው ማንም የማያልፍበት ቀጭን መንገድና ገደል አለ። አበባዋን ያመጡት ሟች ባላቸው ናቸው። ጥጥ ሊሸጡ ደብረ ብርሃን ወጥተው፣ ከአንድ ፈረንጅ ግቢ በር ላይ ውርጭ መትቷት ተነቅላ የተጣለች ቁጥቋጦ አዩ። ሥሯ አሳዘናቸውና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋት ወረዱ። «ሰው ከደጋ ባቄላ ያመጣል፣ አንተ ጥራጊ ታመጣለህ! አልኩት» ይሉ ነበር እትዬ ዘሃራ። «ተናዶ ካቡ ሥር ወረወራት። እንደተወረወረች ያዘች።» በኋላ እትዬ ዘሃራ ሊያሳምሯት ሲሉ አንድ ዓመት ፍግ ጨመሩባት፤ ቅጠል ብቻ ሆነች። ሌላ ዓመት በበጋ ውሃ አጠጧት፤ ግማሿ ከእምብርቷ በሰበሰች። ከዚያ ወዲህ ፍጉንም ውሃውንም ተዉላት። ከወንዙ አሸዋ አምጥተው ከጭንጫው ጋር ደባለቁላት፣ በየመሃሏ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጡላት፤ ክረምቱ ሲያልቅ የተጨናነቀውን ነቅለው፣ በእጃቸው ገንጥለው፣ አዲሱን በተረከዛቸው ጠቅጥቀው ይተክላሉ። ያኔ ብቻ አንድ ጣሳ ውሃ ታገኛለች። ሌላው ሥራ የደረቀውን ጭንቅላት መቁረጥ ነው፤ ፈትል እየጠመዘዙ በሌላው እጃቸው ቀጨት ያደርጉታል። የእኛ አደይ መስከረም መጥታ ትሄዳለች። ይቺ ሥሯን ይዛ ትቀመጣለች። ፀሐይ ስትወጣ ትከፈታለች፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጥቅልል ብላ ትተኛለች፣ ደመና ከሆነ ጨርሶ አትነሳም። «እንዳንተ ናት፣ ሲመቻት ብቻ ነው ሥራ የምትገባው» ይሉኝ ነበር።

ግጥም ጻፍኩላት። ረጅም ነበር፤ ጸሐይ፣ ደም፣ ወዛደር፣ ሁሉም ነበረበት። ማታ ከራት በፊት አነበብኩላቸው። እትዬ ዘሃራ እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ። ስጨርስ፦

«አበባዋ ሰምታህ ይሆን?» አሉ።

«ምነው እትዬ?»

«ተዘግታለች።»

ከድጃ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ግጥሙን አሁን ላስታውሰው ብሞክር አንድ ስንኝ አይመጣልኝም።

ዛሬ እኔም ደብረ ብርሃን ቤቴ ጓሮ፣ ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ ሥር፣ ጥቂት አለኝ። ጥቅምትና ኅዳር ውርጩ እንዳያቃጥላት ማታ ማታ የማዳበሪያ ከረጢት አለብሳታለሁ። ባለቤቴ «ለእኔ እንኳ እንዲህ ብርድ ልብስ አልጎተትክልኝም» ትላለች። ስታብብ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ምን ይሰማሃል ብትሉኝ ምንም። አያታለሁ። እዚያ መሆኗን አያለሁ። ሠፈሩ ሁሉ ተለውጧል፤ ዱሮ ጉልት የነበረበት ጥግ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ የቡና ቤቱ ሙዚቃ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል፣ የአንዱም ዘፋኝ ስም አላውቅም።

እትዬ ዘሃራ ቤት በከረምኩበት በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። የአልዩ አምባ ምንጭ ቀጠነ። ቀጥ ብሎ ይወርድ የነበረው ውሃ ድንጋዩን እየላሰ መውረድ ጀመረ። ቀበሌው የውሃ ኮሚቴ አቋቋመ። ለአንድ ቤት በቀን አንድ እንስራ ተባለ። እኔ በእትዬ ዘሃራ ቤት ተቆጥሬያለሁ፤ አንዱ እንስራ ለእሳቸው፣ ለእኔ፣ ለአራሷና ለሕፃኑ ነው። የምንጩ ውሃ ከሰውና ከእንስሳ በቀር ለሌላ ነገር የዋለበት ቤት፣ ዝናብ እስኪመጣ ተራው ይቋረጣል የሚል ደንብም ወጣ። ደንቡን ያወጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሰይድ ነው። ገና ወጣት ነበር፤ ካኪ ልብስና ካኪ ኮፍያ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። በልጅነቱ ቁርዓን ቤት ድምፁ የታወቀ እንደነበር ሰው በሹክሹክታ ያወራል። አሁን ለፓርቲ አባልነት ታጭቷል፤ መስጊድ ደጃፍ ሲያልፍ እንኳ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ክፉ ሰው አልነበረም። ውሃው እንዳያጣላን ብሎ ራሱ ምንጩ ጋ ቆሞ ሲያከፋፍል አይቻለሁ።

ተራ አስከባሪው ያሲን የሚባል የእትዬ ዘሃራ እኩያና ጎረቤት ነው። ፊሽካ ሰጥተውታል፤ ፊሽካው ከአፉ አይወርድም። አንድ ጠዋት ወረፋው ላይ እያለን አወጣውና፦

«ዘሃራ፣ የእኛ ከንፈር ደርቆ ያንቺ ጓሮ ሰርግ ቤት መስሏል አሉ» አለ።

«ሰርግ ሲኖር ትጠራለህ፤ ምን አስቸኮለህ?»

«ቀልዴን አይደለም። በካቡ ላይ አሻግሬ አይቻለሁ። አንድ ቅጠል አልጠወለገም። እስቲ ንገሪኝ፣ በዚህ ሐሩር ውሃ ሳያገኝ የሚያብብ ነገር አለ?»

«አለ» አሉ እትዬ ዘሃራ፤ «ያንተ ምላስ።»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ወላሂ እኔም አይቻለሁ። ብርቱካን ነው የሚመስለው» አለች። ሌላዋ የሕፃን ልጇን የተሰነጠቀ ከንፈር በጣቷ እያሳየች ቆመች። እትዬ ዘሃራ ያን አይተው ፊታቸውን ወደ ምንጩ መለሱ። እኔ ግን ከኋላቸው ስለነበርኩ የእንስራውን ገመድ ሲያጠብቁት አየሁ። ተራው ከተቋረጠ ያለው ሌላ ውሃ ታች ወንዙ አሸዋ ውስጥ ተቆፍሮ የሚቀዳው ነው፤ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፣ ከብት ከሰው ጋር ይጠጣዋል። ለአራስ የሚሰጥ ውሃ አይደለም። በዚያ ሰሞን ያን ውሃ የጠጡ ሕፃናት ሲቀበሩ አይተናል።

ክሱ ጓድ ሰይድ ጋ ደረሰ። አልጮኸም፣ አላስፈራራም። «ሰው በወሬ አይቀጣም» አለ፤ «መደቡ በእሾህ ይታጠር። አፈሩ ላይ የተነፋ አመድ ይነስነስ። ከዛሬ ገበያ እስከሚቀጥለው ገበያ ማንም አይንካው። ውሃ የነካው አመድ ይጋገራል፣ ያልነካው እንደ ዱቄት ይቆያል። ያኔ እናያለን።» ሁሉም ትክክል ነው አለ። ከውጭ የመጣሁ ስለሆንኩ እኔን ምስክር አደረጉኝ። እትዬ ዘሃራ «አመዱስ ከእኔ ምድጃ ይሁን፣ የሌላ ቤት አመድ አበባዬ ላይ አላስነሰንስም» ብለው ወንፊታቸውን አመጡ። ራሳቸው ነፉት። ያሲን ከሜዳ የግራር እሾህ ጎትቶ አጠረው፤ ሲጨርስ እጁ ደምቷል። «አየሽ፣ ውሃ አጠጣሁልሽ» አለ ደሙን እያሳያቸው። «ያንተን መራራ ደም አትጠጣም» አሉት። አበቦቹ አመድ ለብሰው ከእሾሁ መሃል ያን ብርቱካንማ ፊታቸውን አውጥተው ቆሙ። ሰው መጥቶ ያያቸው ጀመር። በዚያ ደረቅ አገር ውስጥ ሌላ ቀለም ስላልነበረ ይሆናል።

በዚያው ሳምንት አንድ ጎሕ ላይ ለሽንት ወጣሁ። ወደ ካቡ ስጠጋ ከወዲያ በኩል የጠርሙስ ክዳን ድንጋይ ሲነካ እንደሚሰማ ያለ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ካቡ ድንጋይ ላይ ካኪ ኮፍያ ተቀምጧል። ጓድ ሰይድ ቁጢጥ ብሎ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ከትንሽ ማንቆርቆሪያ ውሃ እያፈሰሰ ክንዱን ይታጠባል። ቀጥሎ ፊቱን፣ ቀጥሎ ራሱን፣ ቀጥሎ እግሩን። ውዱእ ነው፤ ለሶላት መታጠቡ። ወደኋላዬ በእግሬ ጣት ተመለስኩ። ለምን እዚያ እንደመጣ ለመረዳት አልከበደኝም፤ ቤቱ ከቀበሌው ግቢ ጋር አንድ አጥር ነው፣ ዘበኛ ቀንም ሌትም አለ። ይህ ጀርባ ግን ገደል ነው፣ አይን የለበትም። ሼሆቹ በድርቁ ምክንያት በአፈር ተየሙም ማድረግ ይበቃል ብለው ፈቅደዋል፤ ሰውም አፈር እያበሰ ይሰግድ ነበር። እሱ ግን አቧራ ያለበት ግንባር ይዞ ቢሮ መግባት አይችልም። ውሃውን ደግሞ መንገዱ ላይ አያፈስም፤ እርጥብ አፈር የእግር ኮቴ ይዞ ይናገራል። ካቡ ሥር ነው የሚያፈሰው፤ ድንጋዩ ይውጠዋል። ብልህ ሰው ነው አልኩ በልቤ፤ ተመልሼ ተኛሁ። የካቡ ወዲያ ከካቡ ወዲህ ከፍ ያለ መሆኑን አላሰብኩም። እሱም አላሰበም።

የገበያው ዕለት እሾሁ ተነሳ። አመዱ አብዛኛው እንደተነሰነሰ ነው፤ የወፍ እግር እንኳ አልነካውም። ከካቡ ሥር ግን ድንጋዩን ተከትሎ ተጋግሯል። እንደ ደረቀ ሊጥ ተሰነጣጥቋል። እዚያ ያሉት አበቦች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ተዝለፍልፏል፤ ያሲን አንዷን ሲስባት ከእምብርቷ ተላቅቃ እጁ ላይ ቀረች፣ ሸተተች። ያሲን ደስ አላለውም። ፊሽካውን በሁለት ጣቱ ያሽከረክር ጀመር። ጓድ ሰይድ ጎንበስ ብሎ ጣቱን አመዱ ላይ ተጫነ። ቀና ብሎ ካቡን አየ። ከካቡ በላይ አሻግሮ ያን ቀጭን መንገድ አየ። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም፤ የጣቱን አመድ ግን ከካኪ ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ እየጠረገ፣ ከጠራ በኋላም ይጠርግ ነበር። «ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ስብሰባ ይሁን» አለና ሄደ።

እትዬ ዘሃራ ጓዳ ገብተው ለከድጃ አጥሚት ያማስሉ ነበር። ተከትያቸው ገባሁ።

«እትዬ፣ ማን እንዳፈሰሰው አውቃለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ። ጓድ ሰይድ—»

«ድምፅህን ቀንስ፣ ሕፃኑ ተኝቷል።»

«ከካቡ ጀርባ ውዱእ ሲያደርግ—»

«አውቃለሁ» አሉ። ማማሰያውን ከድስቱ አላወጡም። «ከአምናው ጾም ጀምሮ አውቃለሁ። ድሮ ወደ ገደሉ ጠጋ ብሎ ይታጠብ ነበር፤ በዚህ ሳምንት ነው ካቡ ሥር የተጠጋው። ማንቆርቆሪያው ድንጋይ ሲነካ እሰማዋለሁ። ጎሕ ሳይቀድ ለሱብሂ ሶላት የምነሳበት ሰዓት ነው። እሱ ከካቡ ወዲያ እኔ ከካቡ ወዲህ እንሰግዳለን። እሱ እንደምሰማው አያውቅም።»

«ታዲያ ይናገሩዋ! ተራው ይቋረጣል። ከድጃስ?»

«ብናገር እሱን ምን ያደርጉታል?»

አሰብኩ። ከሹመቱ ይነሳል። ደብረ ብርሃን ይጠራል። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቅም፤ ከተጠሩት ውስጥ ተመልሰው ያየኋቸው ጥቂት ናቸው።

«እናት አለችው» አሉ። «ልጅ የተወሰደበት ቤት ጠዋት ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ። በሰው ቤት አልደግመውም።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተሰበረም፤ ጨው በዛ አነሰ እንደሚል ሰው ነው ያሉት። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። «አንተ ገጣሚ አይደለህ? ያላየኸውን አየሁ ትል የለ? እስቲ ዛሬ ደግሞ ያየኸውን አላየሁም በል።»

ዋርካው ሥር ሰው ሞልቷል። ሸማኔዎቹ ከመሸመኛ ጉድጓዳቸው አሁን የወጡ ይመስል እግራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ። ምስክርነቴን ጠየቁኝ። አመዱ ከካቡ ሥር መጋገሩን፣ ሌላው ቦታ ደረቅ መሆኑን ተናገርኩ። «አንድ ነገር ልጨምር» አልኩ፤ «ውሃ የነካቸው አበቦች ሞተዋል። ያልነካቸው አብበዋል። እትዬ ዘሃራ እስከ ዛሬ ሲያጠጧቸው ቢኖሩ ኖሮ አንዷም አትተርፍም ነበር።» ሰዉ ተጉተመተመ። ነገሩ ገብቷቸዋል። ያሲን ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ፣ አታጠጣም እንበል። ታዲያ ይሄን ማን አፈሰሰው? ሰማዩ?»

ማንም አልሳቀም። ጓድ ሰይድ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እንደዚያ ባዶ ራሱን ያየሁት ሁለተኛዬ ነው።

«እትዬ ዘሃራ፣ ውሃውን ማን እንዳፈሰሰው ያውቃሉ?» አለ።

አዩት። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ሊያየው የሚደፍር ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። ከጎኑ የተቀመጠችው እናቱ ጉፍታዋን ታስተካክላለች፤ ምንም አታውቅም፣ ልጇ ስብሰባ ሲመራ ለማየት ነው የመጣችው።

«ጓሮው የእኔ ነው» አሉ።

«ጥያቄው እሱ አይደለም።»

«መልሴ ግን እሱ ነው።»

ሰይድ አፉን ከፈተ። የሚናገር መሰለኝ፤ ሌላ ነገር የሚናገር። እኔ እጄን ከጉልበቴ ሥር አስገብቼ ጫንኩት። ከዋርካው ላይ ወፎች ይጮሃሉ፣ ከገበያው በኩል አህያ ታናፋለች። ከዚያ፣ «ደንቡ ለሁላችንም የወጣ ነው» አለ። ወረቀት ሳይዝ ከወረቀት የሚያነብ ይመስል ነበር። «አመዱ ረጥቧል። የዘሃራ ቤት ተራ ዝናብ እስኪመጣ ይቋረጣል።» ማንም አላጨበጨበም። ያሲን ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተው። ሰዉ ልብሱን እያራገፈ ተነሳ። እትዬ ዘሃራም ተነሱ፤ መንገድ ላይ የበርበሬ ዋጋ ጠየቁ፣ ውድ ነው አሉ፣ ወደ ቤት ገባን።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ጀሪካን ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ስመለስ ፀሐይ አናቴ ላይ ነበረች። ያመጣሁት ውሃ የሻይ ቀለም ነበረው፣ የከብት ሽታ ነበረው። እትዬ ዘሃራ በነጠላ አጠለሉት፣ አፈሉት፣ እንደገና አጠለሉት። ከድጃ ጣሳውን አፏ ድረስ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ሕፃኑን አየችው። ያን ቀን ሙሉ ካወራነው ቃል ሁሉ ብሰበስበው አንድ ደብዳቤ አይሞላም። ከጓሮው አበቦቹ እንደ ልማዳቸው ተከፍተው ውለው እንደ ልማዳቸው ተዘጉ። ያን ዕለት ጠላኋቸው፤ ቢያንስ መጥላት ነበረብኝ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ያም በትክክል አልመጣልኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደጃፉ ጨለመ። የሰይድ ሚስት መዲና ናት፤ ሙሉ እንስራ አዝላለች። ላብ ከጉፍታዋ ሥር ይወርዳል። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ እንስራዋን ከጀርባዋ ልታወርድ ጎነበሰች። ተነስቼ አገዝኳት።

«ከየት ነው?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

«ከቤት።»

«የዛሬ ተራችሁ ነው?»

«አዎ። ውሰጅላቸው አለኝ። ነገም አመጣለሁ። በየቀኑ።»

«እናንተስ?»

«እሱ ወንዝ ልኮ ያስቀዳል። እኛ ቤት አራስ የለም።» ዓይኗ መሬት ላይ ነው። «ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ከስብሰባው ወዲህ እህል አልቀመሰም። እኔም አልጠየቅሁትም።»

እትዬ ዘሃራ ብዙ አላመሰገኑ፣ አልተግደረደሩም። ጋኑን ከጥግ ጎትተው አመጡ። እንስራውን አንስተው ማንቆርቆር ጀመሩ። ውሃው ንጹሕ ነበር፤ ሲወርድ ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ ከድጃ ከአልጋዋ ላይ ቀና አለች። እንስራው ሊያልቅ ሲል ቀጥ አድርገው አቆሙት። ታች ጥቂት ቀርቶበታል።

«ይጨርሱት እንጂ እትዬ» አለች መዲና፤ «ሁሉንም ነው ያለኝ።»

«እሱ ያለውን ተይው። ይቺን መልሰሽ ውሰጂለት።» ገመዱን ራሳቸው በትከሻዋ አዙረው አሰሩላት። «ሰውየው ለሱብሂ በምን ሊታጠብ ነው?»

መዲና ደረቀች። መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ምን ሱብሂ?» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም ነበር።

«መምጣቱን እንዳያቋርጥ ንገሪው። ከዚያ የተሻለ ሥውር ቦታ አያገኝም» አሉ እትዬ ዘሃራ፣ ቋጠሮውን ጠበቅ እያደረጉ። «ግን ትንሽ ወደ ገደሉ ፈቀቅ ይበል። አበባዎቼን ገደላቸው።»